ቁስሉን የደበቀው ልጅ፦ ከሐረር ገጠር የተመዘገበ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በፍየል በኩል ነው። ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ በሚያወርደው ገጠር፣ ጫትና ማሽላ ጎን ለጎን በሚበቅልበት እርከን ላይ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ወተቷ በድንገት የቀነሰባቸውን ፍየል እንድመረምርላቸው በጥቅምት አጋማሽ አስጠሩኝ። ፍየሏ ትኩሳት የላትም፣ ጡቷም አላበጠም፣ መኖዋንም በደንብ ታመነዥካለች። የጡቷን ጫፍ ስነካው ግን ገና እርጥብ ነበር፤ ከእኔ መምጣት ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሰው አልቧታል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው እማማ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ወደ ሌላው ብሶታቸው ተሻገሩ፤ ማሽላውን ወፍ እየጨረሰው መሆኑንና ጠባቂው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ከአራት ቀን ወዲህ ጅራፍ ማጮህ እንደተወ ነገሩኝ። ማማው ላይ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ድንጋይም በግራ እጁ ይወረውራል፣ ጅራፉ ግን እግሩ ሥር እንደተጠመጠመ ይውላል አሉኝ።

ልጁ ከማማው ወርዶ እጅ ሲነሣኝ ቀኝ እጁን ከሹራቡ እጅጌ አላወጣም። እጅጌውን ወደ ላይ የሰበሰቡት አያቱ ናቸው። በቀኝ ክንዱ ላይ አራት የጥርስ ቀዳዳ ነበር፣ ሁለቱ ጥልቅ ናቸው፣ ዙሪያቸው ቀልቷል፣ ከአንዱም ቀጭን መግል ይወጣል። ከነጠላ ጫፍ በተቀደደ ጨርቅ በግራ እጁ ብቻ ጠምጥሞት ስለነበር አንደኛው ጫፍ በጥርሱ የተጠበቀ ቋጠሮ ነበረው። ምን ነከሰህ ተብሎ ሲጠየቅ «እሾህ ነው ጋሼ» አለ። እሾህ አራት ቀዳዳ በሁለት ረድፍ እንደማይሠራ እሱም እኔም እናውቃለን።

በዚያች ሰዓት የፈጸምኩትን ስሕተት መመዝገብ አለብኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው መዘግየት በከፊል የእኔ ነው። ምን እንደሆነና የት እንዳለ አከታትዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ልጁም በሦስተኛው ጊዜ ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ መኪናዬ ላይ ተከለ። መኪናውን እንጂ እኔን እንዳልፈራ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ንክሻው ግን ቀጠሮ የሚሰጥ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ አምጪ ቫይረስ በምራቅ ከገባ በኋላ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል የሚያደርገው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አራት ቀን ማለፉ ክትባቱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፣ ቀሪውን እያንዳንዱን ቀን ግን ያስወድደዋል። ቁስሉን ጀሪካን እያዘነበልን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጠብነው፤ እማማ ውኃው ከሩቅ የተቀዳ ስለሆነ በየመካከሉ «አይበቃም ወይ ልጄ?» እያሉ ቢጠይቁም ሰዓቴን እያሳየሁ ጨረስነው። ይህ እጥበት ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል እንጂ፣ በንክሻው ዕለት ቢደረግ ኖሮ ልጁን በብዙ ይጠብቀው ነበር።

የወሰድነው በቅርብ ወዳለ አንድ የጤና ተቋም ነበር፣ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። የተቀበለን ባለሙያ ትሑት ሰው ነው፣ ነገር ግን የነከሰው እንስሳ ተይዞ ካልመጣ ወይም ምን እንደሆነ ካልታወቀ ክትባቱን ለመጀመር እንደሚቸገር ነገረን። ተጠባባቂዎች መካከል የነበሩ አንድ አዛውንት ደግሞ፣ ድሮ በሆድ ዙሪያ ለተከታታይ 14 ቀን ይሰጥ የነበረውን የቀድሞውን መርፌ ለልጁ በዝርዝር ያወሩለት ጀመር። ልጁ ሁለቱንም ሰማ፣ መርፌው ግን አላስደነገጠውም። ፊቱ የተለወጠው «እንስሳው ተይዞ ይምጣ» ሲባል ነው። የዚያን ዕለት ክትባቱን ሳንጀምር ተመለስን፤ ይህን ቀን አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

መኪናዬን ለምን እንዳየው የነገሩኝ በመንገድ ላይ አያቱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በዚያው መንደር አንድ ውሻ ሁለት ሰዎች ነክሶ ነበር። ባለቤት ያለው ውሻ ሰው ሲነክስ ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ቢደረግበት ይበቃል፤ በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። መንደርተኛው ግን እስከዚያ አልጠበቀም፣ እኔ ስደርስ ውሻው በዱላ ተገድሏል። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ጭንቅላቱን ቆርጦ በበረዶ ሣጥን ወደ አዲስ አበባ ምርመራ መላክ ነበር፣ በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ነውና። ሥራውን የሠራሁት በመኪናዬ የኋላ በር ላይ ነው። ልጆች ከበውኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ከመካከላቸው የትኛው እሱ እንደነበር ግን ትዝ አይለኝም። ውሻው ይተኛ የነበረው በእነሱ ግቢ ነበር።

እንግዲህ ይህ ልጅ ንክሻ ምን እንደሚያመጣ ያላወቀ ልጅ አልነበረም። ጠንቅቆ ያውቃል፤ የተነከሰ ክንድ ያሳየ ሰው የነካሹን ጭንቅላት እንደሚያስቆርጥ በዓይኑ አይቷል። ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ አብዛኞቹ «ስለ እብድ ውሻ በሽታ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» በሚል ይደመድማሉ። እኔ ግን አልስማማም፤ ልጁን ዝም ያሰኘው ከእኛው የተማረው ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለብቻዬ ተመልሼ ማማው ሥር ተቀመጥሁ። ፍየሏን ማን እንደሚያልብ አውቃለሁ አልሁት፣ ከዚያም ምን እንደሆነ ወይም የት እንዳለ ሳልጠይቅ «ወተቱ ይስማማዋል?» አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ከላይ ሆኖ መለሰልኝ። «ከነሙቀቱ ስሰጠው ደህና ነው፤ ሲቀዘቅዝ ያስቀምጠዋል።» ከዚያ በኋላ አላቆመም። ሳንባ እንደሚወድ፣ ጉበት ግን እንደሚያስመልሰው፣ ሳንባውን በጓሮ ዘይቱን ሽያጭ ባገኘው ሳንቲም ከሥጋ ቤት እንደሚገዛ፣ ዳቦ በወተት ነክሮ ሰጥቶት እንደተፋው፣ ሌሊት እንደሚበርደው ሁሉ ነገረኝ። የሚናገረው ልክ ሕፃን እንደምታሳድግ ሴት ነበር። ሲጨርስ ብቻ «አትገድለውም አይደል ጋሼ?» አለኝ። እኔ እንደማልገድለው፣ ሌላ ሰው እንዲገድለውም እንደማልጠራ ነገርሁት። ይህን ቃል ስሰጥ የመፈጸም ሙሉ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ይህንም እመዘግባለሁ።

ከማሽላው ማዶ፣ ቁልቋል በሸፈነው ዳገት ሥር፣ የእርሻ መሣሪያ ይቀመጥበት የነበረ ጣራው የተደረመሰ የድንጋይ ካብ አለ። ልጁ ጣራውን በማሽላ አገዳ መልሶታል፤ በሩን በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘግቶታል። ድንጋዩን ስናነሣው ከውስጥ አንድ ጥቁር፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጭኑ የከሳ የጅብ ግልገል ወጥቶ የልጁን ጫማ ነከሰ፤ ከዚያም ጫማው ላይ ተኛ። ክብደቱ በእህል ሚዛን ከ4 ኪሎ አይበልጥም ነበር። የጅብ ግልገል ሲወለድ ዓይኑ የተከፈተ፣ ጥርሱ የበቀለ፣ ጠጉሩም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ነጠብጣቡ የሚወጣው ቆይቶ ሲሆን ከራሱ ጀምሮ እየነጣ ይመጣል። የዚህ ግንባሩ ገና መንጣት መጀመሩ ስለነበር ዕድሜው ሁለት ወር ገደማ እንደሆነ ገመትሁ። ልጁ «ከሰል» ብሎታል። ወንድ ይሁን ሴት በዓይን መለየት አይቻልም፣ የሴት ጅብ ብልት በውጭ ሲታይ ከወንዱ አይለይምና። በአማርኛ «እሱ» ወይም «እሷ» ከማለት ማምለጫ ስለሌለ ግን፣ ልጁ ያለውን ይዤ «እሱ» እላለሁ።

ያገኘው ከ16 ቀን በፊት ነበር። በቀትር ከዳገቱ በላይ ባለ ጉድጓድ አፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ አየው፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቢያይም እናቱ የለችም። «እናቱ ጥላው ሄዳ ነው ብዬ» አለኝ። የልጁ እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ጎረቤቶች ሁለቱን ነገሮች ወዲያው አገናኝተው ብዙ ተናገሩ፣ ልጁ ራሱ ግን አንድም ቀን አላገናኛቸውምና እኔም ከዚህ በላይ አልሄድም። በጅብ ረገድ የማውቀው ግን ግምቱ ስሕተት መሆኑን ነው። እናት ጅብ ግልገሎቿን ጉድጓድ ውስጥ ትታ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቆያለች፤ ግልገሎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ትልቅ ጅብ የማያስገባ ጠባብ ስለሆነ፣ እስክትመለስና እስክትጠራቸው ድረስ በዚያ ይጠበቃሉ። ብቻውን መታየቱ የተጣለ መሆኑን አያሳይም።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጅብን ያህል ነገር ለምን አልፈራም የሚለው ጥያቄ ከሌላ አገር በመጣ ሰው ዘንድ ከባድ ይመስላል፤ በሐረር ግን እንዲህ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ ከአምስቱ በሮች ሌላ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በሐረሪኛ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ። ጅቦቹ ሌሊት ገብተው የከተማውን ጥራጊ ያነሣሉ፣ ሰዉም ጅንን ይበላሉ ብሎ ያምናል፣ በአሹራ ዕለትም በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። በፈላና በር አቅራቢያ ዩሱፍ ሙሜ ሳልህ ለረጅም ዓመታት ሲመግባቸው ኖሮ ለልጁ ለአባስ ያስተላለፈው የምሽት ምገባ ደግሞ የአደባባይ ትዕይንት ነው። ግልገሉን የደበቀው ልጅም ከአጎቱ ጋር አንድ ምሽት ሄዶ አይቶታል፤ ሥጋው በአጭር እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ጅቡ ከአፍ ለአፍ ርቀት ሲወስድ አይቷል። ንክሻው የመጣው ከዚህ ነው። ከሰል ገና ጉልበት እንጂ ልክ የማያውቅ ግልገል ነው፤ ልጁ ሳንባውን በእንጨት አድርጎ ሲያቀርብለት እንጨቱን ትቶ ክንዱን ያዘ፤ ልጁ ሲጎትት ደግሞ አጠበቀ። በጅብ ግልገሎች መካከል ምግብ ሲመጣ የሚደረገው ይኸው ነው። ልጁ ይህን ሲተርክ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ፦ «እኔ ነኝ የጎተትኩት።»

በዚያው ቀን ነካሹ ታውቆ ሌላ ተቋም ዘንድ ክትባቱ ተጀመረ፣ በክንድ የሚሰጠው አዲሱ ነው። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ተጨማሪ መድኃኒት በወቅቱ አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር ከባዱ ነበር። ጉዳዩን የሰሙ አንድ የጤና ባለሙያ ግልገሉ ተገድሎ አንጎሉ እንዲመረመር አጥብቀው ጠየቁ፣ ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም። የ10 ቀኑ ክትትል ለውሻና ለድመት እንጂ ለጅብ አይሠራም፣ ስለ ጅብ የተረጋገጠ የክትትል ጊዜ የለምና። እኔ ደግሞ ይህንኑ ምክንያት ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰድሁት፦ ምርመራው ቢደረግም ባይደረግም ልጁ ክትባቱን መጀመር ነበረበት፣ ጀምሯልም። ከግልገሉ ሞት የምናተርፈው ቢበዛ ቀሪዎቹን መርፌዎች የማቋረጥ ፈቃድ ነው፤ የምናጣው ደግሞ ልጁ የሚቀጥለውን ንክሻ ለማንም የማሳየቱን ዕድል ነው። ግልገሉ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይውጣል፣ አይንገዳገድም፤ የነከሰውም ምግብ ላይ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ሐሳቤን እለውጥ ነበር። ባለሙያው እስከ ዛሬ ተሳስተሃል ይሉኛል፤ ልጁን ከፊቴ ሳላየው ብከራከር ኖሮ ከእሳቸው ጋር እስማማ ነበር ይሆናል።

ማቆየቱም አማራጭ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ይህን የሰማ አንድ ጎረቤት «ይታሰራል» ብሎ ልጁን ስላስፈራራው፣ የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ እንደ አዋቂ እንደማይቀጣ አስረዳሁት። ከሕጉ በላይ ግን የግልገሉ ሆድ ይናገር ነበር፤ የጅብ ወተት ከፍየል ወተት በግምት በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ስብ ስላለው፣ የጅብ ግልገል ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚጠባው ያንን ነው። በፍየል ወተትና አጥንት በሌለው ሳንባ ያደገ ጅብ አጥንቱ ይልፈሰፈሳል። ለሌላ እናት መስጠትም አይሆንም፣ ጅቦች ከራሳቸው ልጅ ሌላ አያጠቡም፤ ግልገሉም በመንጋው ውስጥ የሚኖረው ደረጃ የእናቱ ደረጃ ነው።

መፍትሔውን ያመጡት እማማ ናቸው፣ ሳያስቡት። «እንኳን እኔ ፍየሎቹም እንቅልፍ ካጡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው» አሉ፤ አንድ ጅብ ሌሊት ሌሊት ከማሽላው ዙሪያ እየዞረ ይጮኻል። ልጁን ቀና ብዬ አየሁት፣ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ ካቡ ወስዶ በበሩ ድንጋይ ዙሪያ ያለውን አፈር አሳየኝ። አፈሩ በቅጠል ተጠርጓል። ጠዋት ጠዋት ከአያቱ ቀድሞ እየመጣ ዱካ ይጠርግ ነበር። ያላየው አንድ ቦይ ውስጥ ግን ጥርት ያሉ አሻራዎች ነበሩ፤ አራት ጣት፣ የደነዘ ጥፍር፣ የፊተኛው ከኋለኛው የሚሰፋ። ነብር ቢሆን ጥፍሩ አይታይም ነበር። የተጣለ ነው ብሎ ያነሣውን ግልገል እናቱ በየሌሊቱ በር ላይ ቆማ ስትጠራው፣ ልጁ ድምፁን ለጠላት ቆጥሮት ድንጋዩን ያጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ግልገሉን የትም አልወሰድነውም። በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ፍየሎቹ ወደ ቤት ገቡ፣ የጎረቤት ውሾች ታሰሩ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተነሣ። ድንጋዩን ልጁ ራሱ በግራ እጁ እንዲገፋው ፈቀድሁለት፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄው ነበር፣ ሲለየው እንዳይጠራው። የሚጠራበት የፉጨት ዜማ ነበረውና ወደ ቤቱ ስንመለስ ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ ነው የሄደው። ግልገሉ ጥቂት እርምጃ ተከተለን፣ ከዚያ ጨለማውን ፈርቶ ወደ ካቡ ተመለሰ።

በሦስት ሰዓት ገደማ ከዳገቱ በኩል ያ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ጩኸት መጣ። እማማ «ይኸው መጣ» አሉ። ልጁ «መጣች» ሲል አረማቸው። ከካቡ በኩል ቀጭን እሪታ ሰማን፣ ከዚያ ምንም አልሰማንም፤ ወጥቼ ለማየት ብፈልግም አልወጣሁም። ንጋት ላይ ካቡ ባዶ ነበር። ግልገሉ ይተኛበት የነበረው የነጠላ ቁራጭ ከበሩ አሥር እርምጃ ያህል ተጎትቶ ትልም ውስጥ ተጥሏል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዳገቱ የሚወጣው የትልቁ ዱካ ብቻ ነበር፣ የትንሹ የለም፣ እናት ጅብ ልጇን በአፏ ይዛ ነውና የምትሄደው። ልጁ ቁራጩን አንሥቶ አፈሩን አራገፈ፣ አሽትቶ አጠፈው፣ ከሹራቡ ሥር ከተተው። የዚያን ቀን ዱካውን አልጠረገም።

ክትባቱን በቀጠሮው ሁሉ ወሰደ፣ አንዱንም ቀን አያቱ አላስታወሱትም፣ ራሱ ቆጥሮ ነበር። ለመጨረሻው መርፌ ልወስደው የሄድኩት በኅዳር አጋማሽ፣ ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ነው። የጅራፉን ድምፅ ከመንገዱ ላይ ሆኜ ሰማሁት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ የኋላውን በር አየ፣ ከዚያም ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያ ውሻችን ግን አብዶ ነበር?»

የምርመራው ውጤት፣ የውሻው ጭንቅላት ከተላከ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደርሶኝ ነበር። ለተነከሱት ሰዎች ተነግሯቸዋል፣ በመዝገብም ገብቷል። ወደ ውሻው ቤት ሄዶ መንገር ግን የማንም ሥራ አልነበረም፣ እኔም አልሄድሁም።

«አላበደም ነበር» አልሁት።

እስከ ከተማው ድረስ በመስኮቱ ሲመለከት ነበር። ስንደርስ እጅጌውን ራሱ ሰብስቦ ክንዱን አዘጋጀ።